ሰው ሲመጣ የሚሸፈነው

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ፣ ላይኛውንም ታችኛውንም ቀበሌ ጨምሩበት፣ በአፍ እኔን የሚረታ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ግን እውነት ነው። ትርፍ ሰው የጫነ የሚኒባስ ረዳትን ተከራክሬ ራሱን ከመኪናው አስወርጄዋለሁ። ድንች ሻጮች ከሩቅ ሲያዩኝ "መጣችብን" እያሉ ጥሩ ጥሩውን ከላይ ያደርጉልኛል። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቋርጥ ርዕሰ መምህሩ "የምሥራች፣ እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ጸጥ ሊል ነው" አለኝ፤ አዝኖ ይሁን ደስ ብሎት እስካሁን አልለየሁም።

ያቋረጥኩት ሰንፌ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ማናለብሽ ስለታመመች ነው። አንገቷ ላይ እንቅርት አለ። እንቅርት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ይዘውት የሚያረጁ፣ ይዘውት ልጅ የሚድሩ ሴቶች ሞልተዋል። የእናቴ ግን ወደ ውጭ ማደጉ አልበቃ ብሎት ወደ ውስጥ አደገ። ስትተኛ ትንፋሿ ያፏጫል። ስትውጥ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። እንጅባራ ያያት ሐኪም አንገቷን በጣቶቹ ዳብሶ ዳብሶ "ይህ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፤ የሚሠራው ባሕር ዳር ነው። አትቆዩ፣ የአየር ቧንቧዋን እየተጫነው ነው" አለን።

ለባሕር ዳሩ ሕክምና ደግሞ ወይ ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ወይ የነፃ ሕክምና ካርድ።

ገንዘብ አንድ ሰሞን ነበረን። ምን ታፈጣላችሁ? ነበረን። አባቴ ገብስና ድንች የሚያበቅለውን መሬት በሙሉ ዲከረንስ ተከለበት። ለማያውቅ ሰው፣ ዲከረንስ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ይቆረጣል፣ ይከሰላል፣ ከሰሉ በአይሱዙ አዲስ አበባ ይሄዳል። አገሩ ሁሉ ተከለ። ያኔ ነው የሣር ቤታችን ፈርሶ ቆርቆሮ የለበስነው፣ በራችንም ሰማያዊ የተቀባው። ከወረዳ የመጡ ሰዎች ከበሩ ፊት አቁመው ፎቶ አነሱን፤ "ይህ ነው ዕድገት" አሉን። ላሞቻችን ግጦሽ አጥተው ተሸጡ። እነሱን ፎቶ ያነሳቸው የለም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የጠጣሁት ወተት ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ዛፉ ታመመ። ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነገር ይዞት እየቀላ፣ እየተኮማተረ ደረቀ። ዛሬ ጫካው ከሩቅ ሲያዩት አለ፤ ሲቀርቡት የቆመ ጭራሮ ነው። እህል ከገበያ እንገዛለን። አባቴ ለሰሊጥ አረም መተማ ወረደ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ድምፁን አልሰማነውም። ፈረሳችንም ለእናቴ ምርመራ ተሸጠ። ኮርቻውንና ልጓሙን ግን እናቴ "አይነካም" ብላ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። በእኛ አገር ፈረስ የሌለው ቤት ሠርግ ቢኖር ቆሞ የሚያይ፣ ለቅሶ ቢኖር ከኋላ የሚከተል ቤት ነው። እናቴ ፈረሱ መሸጡን ለአልቃሽም ለዘፋኝም አልተናገረችም።

ስለዚህ የቀረን ካርዱ ነበር። እሱ ደግሞ እጃችን የገባ ያህል ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ለነፃ ሕክምና የሚገባቸውን ሲመርጡ የእናቴን ስም ከመጀመሪያዎቹ ጠሩት። ማንም አልተከራከረም። ቅዳሴ ስታስቀድስ ከኋላዋ የቆመ ሁሉ ትንፋሿን ይሰማዋል፤ ማን ምን ብሎ ይከራከራል? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ብቻ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገ።

"ዘንድሮ አሠራሩ ተቀይሯል። ከከተማ ሰው መጥቶ ቤት ለቤት ያያችኋል። ያ ብቻ ነው" አለ።

ያ ብቻ ነው!

ሰውዬው የሚመጣ ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ነው የያዘው። እናቴ ተነሥታ ቤቱን ጠረገች፤ በየመሃሉ ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

"እትዬ ውብአየሁ ዘንድ ሂጂና ወንበሮቹን አምጪ።"

"እምዬ፣ ሰውዬው እኮ የሚመጣው መቸገራችንን ሊያይ ነው። ባዶውን ቢያየው አይሻልም?"

"መቸገሬን? ምኔ ነውና ነው የማሳየው? የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አላውቅ።"

"ሊያውቅሽ አይደል የሚመጣው?"

"ሽማግሌዎቹ ስሜን ሰጥተዋል፤ እነሱ ያውቁኛል። እሱ እንግዳ ነው። የሰው ልጅ ቤቴ ገብቶ ጭቃ መደብ ላይ አይቀመጥም። ወንበር አልኩሽ።"

ከእሷ ጋር ክርክር ትንፋሿን መጨረስ ነው። ሄድኩ።

እትዬ ውብአየሁ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ በዲከረንሱ ማዶ ነው። ገና ሳልናገር ገባቸው። የፕላስቲክ ወንበሮቹን አወጡ። አረንጓዴውን ቴርሞስ ሻይ ሞልተው አቀበሉኝ። ቀጥለው የስፖንጅ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ጀርባዬ ላይ ጫኑት።

"ይህንን አልጋው ላይ አንጥፉት። ማናለብሽ ጭድ ላይ መተኛቷን ባዕድ ለምን ያያል?"

"እርስዎስ ቤት ሲመጣ ምን ሊያይ ነው?"

"ከእናንተ ሲወጣ በጓሮ መልሰሽ ታመጪዋለሽ፤ ምን ችግር አለ? ደግሞ እንዳትቀባጥሪ።"

"እኔ መቼ ቀባጥሬ አውቃለሁ?"

"ከእናትሽ ሆድ ከወጣሽ ጀምሮ።"

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በመንደራችን ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ከሩቅ ለመጣ ዘመድ ዕቃ ከቤት ቤት ይዞራል። ያ ቴርሞስ የስንት ቤት እንግዳ ተቀብሏል መሰላችሁ! አወቀ የሚባለው ሌላው ጎረቤታችን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው የሶላር መብራቱን ይዞ መጣና "ቤታችሁ ጨለማ ነው፤ ሰውዬው እንዳይደናቀፍ" ብሎ ሰቀለልን። እናቴ መረቀችው። ከዚያ ነጠላዋን አንገቷ ላይ አንድ ዙር ጠመጠመች፤ በእጇ ዳብሳ አልበቃ ሲላት ሌላ ዙር ደገመች።

ሰውዬው እንዳልካቸው ይባላል። ወጣት ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃ እንደ ሊጥ ተጋግሯል፤ ታብሌቱን ከጃኬቱ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎታል። ከእንጅባራ ነው፤ አገውኛ አይሰማም። እናቴ አማርኛ ብትችልም ትንፋሽ ስለሚያጥራትና ስለምታፍር በአገውኛ እየተናገረች እኔ እንዳስተረጉም ተደረገ። የታደለ ሰው! ከእንጅባራ ድረስ መጥቶ እኔን አገኘ።

"የቤቱ ኃላፊ ማነው?" አለ ታብሌቱን እየነካካ።

"እኔ ነኝ።"

"ዕድሜ?"

"ለኃላፊነት የሚበቃ።"

ሳቀ። እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ቀጥሎ "አባትሽስ?" ሲለኝ "ሰሊጥ አግብቶ መተማ ቀርቷል" አልኩት፤ እንደገና ሳቀ። ቀልዴ ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኛል። ቀና ብሎ ጣራውን አየና ሳይጠይቅ ነካ አደረገ። መብራቱን አየ፣ ነካ። የተቀመጠበትን ወንበር፣ ከጎኑ ያሉትን፣ ነካ። አልጋውን በሩቁ አየና ነካ። ለካ ይህ ሰው ሊያየን አልመጣም፤ ዕቃውን ሊያይ ነው የመጣው።

"ፈረስ አላችሁ?" አለ ኮርቻውን እያየ።

እናቴ ለዚህ እኔን አልጠበቀችም። በአማርኛ "አለ እንጂ" አለች። "ሜዳ ነው።"

"ፈረሱ ተሽጧል፣ ጋሼ" አልኩ። "ኮርቻውን አሁን የሚጋልበው ግድግዳው ነው።"

በሳቅ ተንፈቀፈቀ።

"ሙት! እውነቴን ነው። ወንበሩም የእኛ አይደለም። ቴርሞሱም፣ ፍራሹም፣ መብራቱም የጎረቤት ነው።"

"ይቺ ልጅ ትገድለኛለች!" አለ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። "ቤቱንስ የተከራያችሁት ነው በይኛ!"

እናቴ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ እንግዳውን እያየች፣ በአገውኛ "አንድ ቃል ጨምረሽ ብታዋርጂኝ እናት የለሽም" አለችኝ።

"ምን አሉ?" አለ።

አየኋት። ነጠላው ሥር ጉሮሮዋ ይንቀሳቀሳል። ከንፈሯ ጥግ ላይ ሰማያዊ ነገር አለ።

"ሻይ ጨምሪለት ነው የምትለኝ" አልኩ።

ቀዳሁለት። ጠጣ። የመጨረሻው ጥያቄ የጤና ነበር፤ እኔ እሱን ነበር የምጠብቀው። ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"እናቴ፣ በቤቱ ውስጥ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው አለ? እርስዎ ራስዎ ጤናዎ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን" አለች እናቴ በሻከረው ድምፅዋ። "ብርዱ ብቻ ነው። የእርስዎ ቤተሰብስ? ወላጆችዎ ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለና ነካ አደረገ።

ይኸው ነው። ምን ልትል ኖሯል? እኛ ዘንድ ሰው እያጣጣረም ቢሆን "እንዴት ነህ?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ነው የሚጀምረው። ጠያቂው ደግሞ ይደግማል፦ "አይ፣ እንዲያው እንዴት ነህ?" ይላል። ያኔ "ትንሽ ያመኛል" ይባላል። ጠያቂው ሦስተኛ ሲደግም ነው ሕመሙ ከነስሙ የሚወጣው። የእኛ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለአንድ ጥያቄ ሕመሙን ዘርግፎ የሚያሳይ ቢኖር ቅሌታም ነው የሚባለው። እንዳልካቸው ግን አልደገመም። ታብሌቱ ላይ የሚደገምበት ቦታ አልነበረም መሰለኝ።

አፌን ከፈትኩ። እናቴ አየችኝ። ዘጋሁት። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ...

ሲወጣ ተከትዬው ሮጥኩ። አጥሩ ዘንድ ደረስኩበት።

"ጋሼ፣ እውነቴን ነው ያልኩህ። ሁሉም የተዋስነው ነው። እናቴ ታማለች፤ አንገቷን እይ።"

ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ አሁን አልሳቀም። የደከመው ይመስላል።

"እህቴ፣ በየቤቱ እየተከተለ 'ድሆች ነን፣ እንደዚያ አድርገህ ጻፈን' የማይለኝ የለም። ላይኛው መንደር ላይ አንዱ በጉን አልጋ ሥር ደብቆ አግኝቼዋለሁ። ያየሁትን ነው የምሞላው። እናትሽ ራሳቸው ደኅና ነኝ አሉኝ፤ ከእሳቸው ቃል የአንቺን ላምን?"

"ተመልሰህ ደግመህ ጠይቃት።"

"ዛሬ የምጨርሰው ገና ብዙ ቤት አለ" አለና ወደ እትዬ ውብአየሁ ቤት በመንገዱ ዞረ።

እኔስ? እኔማ ወንበሮቹን ራሴ ላይ፣ ፍራሹን ጀርባዬ ላይ፣ ቴርሞሱን ብብቴ ሥር አድርጌ በጓሮ ቀደምኩት። ሌላ ምን ላድርግ? እትዬ ውብአየሁ ባዶ ቤት ቆመው ይጠብቁኛል። እንዳልካቸው እዚያም ተቀመጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ ነካ ነካ አደረገ። ከእሳቸው ወደ አወቀ፣ ከአወቀ ወደ ቀጣዩ። ዕቃው በጓሮ፣ እሱ በደጅ። በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንኳ ሳያባራ፣ መንደራችን በሙሉ ከድህነት ወጣ።

ውጤቱ ሲመጣ ሊቀመንበሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰው ሰብስቦ አነበበው። መንደራችን ከቀበሌው አንደኛ ነው። የነፃ ሕክምና ካርድ ከእኛ መንደር ለማንም አይደርስም፤ አያስፈልገንም። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ፤ ማጨብጨብ የተገባ መስሏቸው ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን ያያሉ። እናቴ አልመጣችም ነበር፤ ዳገቱን መውጣት ካቆመች ቆይታለች። ነገርኳት።

"ሽማግሌዎቹ ስሜን ሰጥተው አልነበረም?" አለች።

"ሽማግሌ ቀርቷል እምዬ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋደም ማለት ትታ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላ ትተኛለች፤ ጋደም ስትል አየሩ አይገባላትም። እኔ አጠገቧ ሆኜ ፉጨቱን እሰማለሁ። ፉጨቱ ሲኖር እፈራለሁ፤ ሲቆም የባሰ እፈራለሁ።

አንድ ጠዋት "ቆሰበር ሂጂና አናግሪያቸው" አለችኝ። እንጅባራን እንደ ድሮ ሰው ቆሰበር ነው የምትላት። "አንቺ አፍ አለሽ። ብቻ ባሕር ዳር የምሄድበትን ነገር ይዘሽልኝ ነይ።"

እትዬ ውብአየሁ እሷ ዘንድ ሊውሉ መጡ፤ እኔ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እየደረደርኩ ነው የሄድኩት። አቤት ያሳመርኩት! ቢሮ ደርሼ ወረፋዬ ሲደርስ ከጠረጴዛው ወዲያ ወይዘሮ ምሥራቅ የሚባሉ ሴት ተቀምጠዋል። ሹራብ ደርበዋል፤ ኮምፒውተሩን በአንድ ጣት ይመቱታል።

"ስም?"

"ማናለብሽ ይኸነው።"

"አለች። 'የተሻለ ኑሮ' ውስጥ ናት። እንኳን ደስ አላችሁ።"

"እትዬ፣ ለምኑ ነው እንኳን ደስ አላችሁ የሚሉኝ?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ልማድ ሆኖብኝ ነው ልጄ። በሉ ተብለን ነው።"

"እናቴ አየር አጥሯት ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው። ሽማግሌዎቹ መርጠዋት ነበር።"

"የሽማግሌው ቀርቷል። ዘመድ ለዘመድ ይሰጣጣሉ እየተባለ ስንት አቤቱታ መጣ። አሁን ነጥቡን የሚያወጣው ማሽኑ ነው፤ ማሽን ዘመድ የለውም።"

"ዘመድ የሌለው ነገር ታዲያ ሰው በምን ያውቃል?"

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። "ይኸውልሽ። ጣራ ቆርቆሮ፣ ወንበር፣ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ሶላር፣ ፈረስ። ሕመም የለም። ምን ላድርግሽ?"

"ቆርቆሮውን ነቅለን ይዘነው እንምጣ?"

"ብትነቅሉትም የሚቀጥለው ቆጠራ እስኪመጣ አይለወጥም።"

"መቼ ነው እሱ?"

"ሌላ በጀት ሲመጣ። አቤቱታ ግን መጻፍ ትችያለሽ፤ ኮሚቴ ሄዶ ቤታችሁን እንደገና ያያል።"

"ሰው ሊመጣ ነው ተብሎ ይነገረናል?"

"አዎ፣ አስቀድሞ ይነገራችኋል።"

"እንግዲያው እናቴ ደግሞ ወንበር ትዋሳለች።"

ወይዘሮ ምሥራቅ ስክሪኑን ወደ ራሳቸው መለሱት። እኔም ከዚያ በኋላ የደረደርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ቀጣዩ ሰው በትከሻው ገፋ አድርጎኝ ቦታዬን ያዘ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ላልቅስ አላልቅስ ስል አንድ ሰው "የኮርቻዋ ልጅ!" አለኝ። እንዳልካቸው ነው። ጫማው ዛሬ ንጹሕ ነው። ሳቅ ሊል ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው።

"መንደራችሁ አንደኛ ወጣ፤ ሰማሽ?"

"አረንጓዴ ቴርሞስ ስንት ቤት አየህ?"

"ሁሉም ቤት አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ እንዲያውም..." አለና ቆመ።

"አንድ ነው" አልኩት። "ወንበሮቹም እነዚያው ናቸው። በጓሮ እኔ ነበርኩ የማመላልሰው። አንተ በደጅ ስትገባ ላቤን እንኳ አልጠረግኩም ነበር።"

ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ ራሱን ለመከላከል ነው መሰለኝ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ጥያቄዎቹን እኔ አላወጣኋቸውም። ከውጭ ነው የመጡት፤ ለስንት አገር አንድ ዓይነት ናቸው። ወደ አማርኛ የተመለሱትም አዲስ አበባ ነው።"

"ወደ አገውኛስ?"

"ወደ አገውኛማ አንቺ ነሽ የመለስሻቸው።"

ይህቺ ወጋችኝ። ሻዩ ትዝ አለኝ። ግን እኔ ነኝ እኮ፤ ተወግቼ ዝም አልልም። "ጥያቄውንም ለእኔ ብትተወው ኖሮ እንዲህ አይነት ጉድ አይመጣም ነበር" አልኩት።

"ምን ትጠይቂ ነበር?"

"ቀላል ነው። 'ሳታፍሩ ዕቃ የምትዋሱበት ስንት ቤት አላችሁ?' ያ ነው የሰው ሀብት።"

አሰበበትና ራሱን ነቀነቀ። "በዚህ ከሆነ እናትሽ የአገሩ ሀብታም ሆነው ይወጣሉ። ያየሁት ሁሉ የተዋሱት አይደል? አሁንም ካርዱን አያገኙም።"

እውነቱን ነው። ጆሮዬ ጋለ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ይተላለፋል። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው በር በር ያያሉ፤ ማንን እንደሚጠይቁ ግራ ገብቷቸዋል። አንዱ መጥቶ "ምን ፈልገው ነው?" ሲላቸው ነጠላውን ለቀው፣ አስተካክለው፣ "ምንም፣ ደኅና ነኝ" አሉት።

"እሺ" አልኩ። "እንዲህ ብዬ ነው የምጠይቀው፦ 'ሰው ሲመጣ ምናችሁን ትሸፍናላችሁ?'"

እንዳልካቸው ቀጥ አለ። "እናትሽ ምናቸውን ሸፈኑ?"

"አንገቷን። እንቅርት ነው፤ ቧንቧዋን እየዘጋው ነው። ብርድ ነው ያለችህ እሱን ነው።"

"ድምፃቸው ሻካራ መሆኑን አስተውያለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ግን ደኅና ነኝ አሉኝ።"

"ሁለተኛ ብትጠይቃት ትነግርህ ነበር።"

"ከሞላሁት ላይ የምቀይረው የለኝም፤ ተልኮ ተዘግቷል። ማርያምን ብችል..." ስልኩን አወጣ። "ጥያቄሽን ግን ድገሚልኝ።" ደገምኩለት፤ ጻፈው። "በሚቀጥለው ሳምንት ባሕር ዳር የግምገማ ስብሰባ አለ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይኖራሉ፣ ከውጭም የሚመጡ አሉ፤ ጥያቄውን ያወጡት ራሳቸው። ይህን አነሣላቸዋለሁ። በስምሽ ነው የማነሣው። ሙሉ ስምሽ ማነው?"

ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ነገርኩት።

ከዚያ ወዲያ እግሬ መሬት አልነካም። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡት ሴትዮ አወራሁላቸው፤ ከፊት ለተቀመጠው ሰውዬ አወራሁለት፤ ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ ለእሱም ደገምኩለት። ፈረንጅ በእኔ ጥያቄ ላይ ቁጭ ብሎ ሊያስብ ነው! ሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ! ከመኪናው ወርጄ በደረቀው ዲከረንስ መሃል ዳገቱን ስወጣ ገና የእነሱን ፊት እያየሁ ነበር፤ ዘመናቸውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቆጥሩ ኖረው አሁን ብዕራቸውን ሲያስቀምጡ።

ስገባ ገና አልመሸም። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። እትዬ ውብአየሁ ከጎኗ ሆነው ደረቷን ያሻሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ነጠላው አንገቷ ላይ አልነበረም፤ ከእኛ በቀር ማን አለና። እብጠቱ ከጠዋቱ የጨመረ መሰለኝ። ወይም ያን ያህል ሰዓት ሳላየው ስለቆየሁ ይሆናል።

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጀመርኩ። ወይዘሮ ምሥራቅን ምን እንዳልኳቸው፣ ሰዉ እንዴት እንደሳቀ፣ ስለ ቴርሞሱ ስነግረው እንዳልካቸው እንዴት እንደደነገጠ። ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ ነገርኳት፤ ሁለተኛውን በአገውኛ፣ ጥሩ አድርጌ።

"ባሕር ዳር ነው የሚያነሣው እምዬ! በስሜ! እነዚያ ጥያቄውን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ሊሰሙት ነው። ከእንግዲህ አቆጣጠሩ ይቀየራል ማለት ነው እኮ። ገባሽ?"

እትዬ ውብአየሁ ማሸታቸውን አቆሙ። እናቴ መልስ ለመስጠት አየር እስክትሰበስብ ጠበቅሁ። ፉጨቱ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ።

"ባሕር ዳር መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ" አለች። "አንቺ ጥያቄሽን ላክሽው።"